ሽንቷ «አለ»፣ ጣቷ «የለም»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ስኳር ምርመራና ስለ መድኃኒት ናቸው። አራቱም ውስጥ ደግሞ አንቲባዮቲክ አለ። ስለዚህ አንድ ላይ ላስተናግዳቸው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላስተካክል። «ዶክተር» እያላችሁ የምትጽፉልኝ ሰዎች፣ አክብሮታችሁን ወድጄዋለሁ፤ ግን ዶክተር አይደለሁም። ላብራቶሪ ነኝ። 33 ዓመት የሰው ደም፣ ሽንት፣ ሰገራና አክታ ሳይ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። መድኃኒት አላዝም። የውጤት ወረቀት ላይ ያለው ምልክት ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ፤ ስጽፈው ኖሬያለሁና።

ጥያቄ፦ «ሰላም እትዬ፣ እንደምን አሉ? እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። በቅርቡ ጎኗን ያማት ጀመር፤ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ሽንቷም ያቃጥላታል። ክሊኒክ ሄዳ የሽንት ኢንፌክሽን ነው ተባለችና ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ በመርፌ ለ7 ቀን ታዘዘላት። የመጀመሪያው ቀን ሽንቷ በስትሪፕ (ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ በሚታየው ቁራጭ) ታይቶ ስኳር የለውም ነበር። በ5ኛው ቀን ሲደገም ግን "ስኳር ሁለት ፕላስ" ተባለች። ያን ቀን ስትሪፕ አልቆ ስለነበር ባለሙያው በሰማያዊ ፈሳሽ አፍልቶ ነው ያየው። ግሊቤንክላማይድ የሚባል የስኳር እንክብል ታዘዘላት። እማዬ ደንግጣ አለቀሰች። ማታ ጎረቤታችን ነርስ እራት ከበላች ሁለት ሰዓት በኋላ ጣቷን ወግታ ስትለካት 97 ወጣ። የትኛውን እንመን? አንቲባዮቲኩ ነው ያሳሳተው የሚል ሰው አለ። እውነት ነው? መድኃኒቱስ ይጀመር? ገዝተነዋል፤ እስካሁን አልዋጠችውም። — ልጇ፣ ከአዲስ አበባ»

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን ልመልስ። ዛሬውኑ ላዘዘላት ሐኪም ደውሉና የጣቱን ውጤት ንገሩት። «የደም ምርመራ ሳይሠራ እንክብሉን ባትጀምር ምን ይመስልዎታል?» በሉት። ግሊቤንክላማይድ ቀልድ አይደለም። ቆሽትን ጨምቆ ኢንሱሊን ያስወጣል። ስኳሯ ከፍ ያለ ይሁን አይሁን ግድ የለውም፤ ዝም ብሎ ይጨምቃል። ስኳር የሌለባት፣ ሕመም ላይ ያለች፣ ምግብም በደንብ የማትበላ እናት ይህን ብትውጥ ሌሊት ላይ ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። እስካሁን አለመዋጧ መልካም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ያ ሰው ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ልክ የሚሆነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምርመራው በሰማያዊው ፈሳሽ ስለተሠራ። በስትሪፕ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። የደብዳቤሽ ቁልፍ «አፍልቶ ነው ያየው» ያልሽው ቃል ነው። እሱን ባትጽፊው ኖሮ እኔም ተሳስቼ ላሳስትሽ እችል ነበር።

ያ ሰማያዊ ፈሳሽ ቤኔዲክት ይባላል። የአሜሪካዊው ኬሚስት የስታንሊ ቤኔዲክት ሥራ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ሥራ ስጀምር ጤና ጣቢያ ውስጥ ሌላ ነገር አልነበረም። ቴስት ቲዩብ ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር ቤኔዲክት ትቀጂያለሽ። ሽንቱን 8 ጠብታ ትጨምሪያለሽ። ከዚያ በስፒሪት ላምፕ እሳት ላይ ወይም የፈላ ውሃ ውስጥ ታፈይዋለሽ። እሳት ላይ ከሆነ ቱቦውን እያወዛወዝሽ ነው፤ ያለዚያ ይፈነዳና ፊትሽ ላይ ይረጫል። የትኛውም የዘመኔ ሰው ጋዋኑ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበረው። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካን እያለ ይሄዳል። እንደ ሸክላ ከቀላ አራት ፕላስ ነው።

ችግሩ ምን መሰለሽ? ሰማያዊ ያደረገው መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ስኳርን አያውቅም። የሚያውቀው ኤሌክትሮን የሚሰጠውን ነገር ነው። ግሉኮስ ኤሌክትሮን ሲሰጠው ሰማያዊነቱን ትቶ ቀይ ዝቃጭ ይሆናል። ለቅሶ ቤት ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ስም ሳይጽፍ ብሩን ብቻ ቢቆጥር፣ ማን እንዳዋጣ በኋላ ማን ይነግረዋል? መዳብም እንደዚያ ነው። የተሰጠውን ይቀበላል፣ ቀለሙን ይለውጣል፣ ሰጪው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። የምታጠባ እናት ሽንት ውስጥ የወተት ስኳር ሊኖር ይችላል፤ እሱም ይሰጠዋል። ቫይታሚን ሲ ይሰጠዋል። አንዳንድ አንቲባዮቲኮችም ይሰጡታል።

የትኞቹ? ከሁሉም በላይ የሴፋሎስፖሪን ቤተሰብ፤ ሴፋሌክሲን፣ ሴፋዞሊን፣ የእናትሽ ሴፍትሪያክሶንም እዚያ ውስጥ ነው። በከፍተኛ መጠን ሲሰጡ ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊንም አሉበት። ክሎራምፌኒኮልና ናሊዲክሲክ አሲድም እንደዚሁ። ይሄ የእኔ ግኝት አይደለም። የአሞክሳሲሊን ካርቶን ውስጥ ታጥፋ የምትገኘውን፣ ማንም የማያነባትን ወረቀት ዘርጉ። በአንዳንዶቹ ላይ ቤኔዲክት በስሙ ተጠርቶ ታገኙታላችሁ።

ከተወጋሽው ሴፍትሪያክሶን ውስጥ ከሲሶው እስከ ሁለት ሦስተኛው ሳይለወጥ በሽንት ነው የሚወጣው። ኩላሊት ውሃውን መልሶ እየወሰደ ሽንቱን ሲያወፍረው አስቢው። በ5ኛው ቀን የእናትሽ ሽንት መድኃኒቱን በደንብ የተሸከመ ነበር።

ይሄን ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልጽፍልሽም ነበር። 1981 ዓ.ም. ነው። የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ነበር፤ ዋርዱ ሞልቶ ኮሪደር ላይ ሁሉ ሰው ይተኛል። እኔ ከተመረቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። አንድ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ክሪስታላይን ፔኒሲሊን በየ4 ሰዓቱ 4 ሚሊዮን ዩኒት ይወስዳል፤ ክሎራምፌኒኮልም አብሮ አለው። የዚያን ጊዜ የማጅራት ገትር ሕክምና እንዲያ ነበር። የሽንት ምርመራ ታዘዘለት። አፈላሁት። ወደ ቢጫ ሄደ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ አዎ ደስ ብሎኝ፣ «ስኳር ++» ብዬ ጽፌ ላክሁ። አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ራሱ መጣ። ኩባዊ ነበር፤ ያኔ ብዙዎቹ ሐኪሞቻችን ኩባውያን ነበሩ። በተሰባበረ አማርኛው «ምን ይወስዳል ልጁ?» አለኝ። አላውቅም። «የመድኃኒት ካርዱን አይተሻል?» አላየሁም። «በምን ሠራሽው?» ሰማያዊውን ጠርሙስ አሳየሁት። ሳቀ። ደም ቀድቶ ሰጠኝና «ይሄን ሥሪ» አለኝ። የደሙ ስኳር 88 ሆነ። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ በቤኔዲክት የሠራሁትን ውጤት ስጽፍ ከጎኑ የሚወስደውን መድኃኒት እጽፍ ጀመር። ባልደረቦቼ «ነርስ ልትሆኚ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ስለዚህ ያ የክሊኒኩ ባለሙያ አጥፍቷል ለማለት አልቸኩልም። ስትሪፕ ሲያልቅ ያለውን መጠቀም የአገር ቤት ሙያ ነው። የጎደለው ከውጤቱ ጎን መጻፍ የነበረባት አንዲት ቃል ናት፤ «ቤኔዲክት»። እሷ ብትኖር ሐኪሙም ግሊቤንክላማይድ ከማዘዙ በፊት ሁለቴ ያስብ ነበር።

ወደ ስትሪፑ ልምጣ። ስትሪፑ ስም ይጠይቃል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለበት፤ ይህ ኢንዛይም የሚሠራው ግሉኮስ ላይ ነው። ግሉኮሱን ሲያገኘው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይወጣል፣ ሁለተኛው ኢንዛይም በዚያ ፐሮክሳይድ ተጠቅሞ ቀለሙን ይለውጠዋል። እንዲህ ያለውን የሽንት ስትሪፕ እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ካበቁት ውስጥ አልፍሬድ ፍሪና ሄለን ፍሪ የሚባሉ ባልና ሚስት ኬሚስቶች ይገኙበታል። ሄለን ፍሪ 98 ዓመቷ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው ያረፈችው። ከዚያ የእሳት ርጭት ያዳነችን ሴት ናትና ስሟን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም።

ሴፍትሪያክሶን ስትሪፑ ላይ ያለውን ኢንዛይም ግሉኮስ መስሎ አያታልለውም። አሞክሳሲሊንም አያታልለውም። ይሄን የምለው ለሌላ ዓይነት አንባቢ ጭምር ነው። አንድ የማውቃቸው ሰው ነበሩ። ለጉሮሮ አሞክሳሲሊን እየወሰዱ ሽንታቸው በስትሪፕ ሦስት ፕላስ ስኳር አወጣ። «አንቲባዮቲኩ ነው» ብለው ተዉት። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ከአንድ ቦታ ሰምተው ነው። ከስንት ወር በኋላ እግራቸው ላይ ያለች ቁስል አልድን ስትል መጡ። የጾም ስኳራቸው 312 ነበር። ስትሪፕ ላይ የወጣ ስኳር በአንቲባዮቲክ አይሳበብም። ወደ ደም ምርመራ ይሄዳል።

ስትሪፕ አይሳሳትም ማለቴ ግን አይደለም፤ የሚያሳስቱት ሌሎች ናቸው። አንደኛው ቫይታሚን ሲ ነው፤ ያ ውሃ ውስጥ ሲጣል የሚንተከተከው። ጉንፋን ሲይዘን ከአንቲባዮቲክ ጋር ደርበን የምንጠጣው ማለቴ ነው። በብዛት ከተወሰደ ያቺን ፐሮክሳይድ ይበላታል፤ ስኳር እያለ «የለም» ሊያስብል ይችላል። ቅድም ለመዳቡ ኤሌክትሮን የሚሰጠው ራሱ ቫይታሚን ሲ ነው፤ እዚያ «አለ» ያሰኛል፣ እዚህ «የለም» ያሰኛል። ሁለተኛው በረኪና ነው። ሽንት ከቤት በጠርሙስ ይዛችሁ የምትመጡ እህቶቼ፣ ጠርሙሱን በበረኪና አጥባችሁ ከሆነ ትንሽ ቢቀርበት እንኳ ስትሪፑን ቀለም ያስለውጠዋል። ሽንት ቁጭ ብሎ ከዋለ ደግሞ ባክቴሪያው ስኳሩን ይበላዋል፤ የሽንት ኢንፌክሽን ካለ በተለይ። ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ፣ ጊዜው ያለፈ ስትሪፕ ላይ ከማልቀስ አዲስ መግዛት ይሻላል።

የጣቱ 97ስ? ጥሩ ቁጥር ነው፤ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ በጣም ጥሩ። ሽንት ውስጥ ስኳር እንዲፈስ ደም ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 180 አካባቢ ማለፍ አለበት። ኩላሊት እስከዚያ ድረስ ያጣራውን ስኳር መልሶ ይወስደዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የሚያመልጠው። 97 እና ሁለት ፕላስ በአንድ ቀን እምብዛም አይገናኙም።

ግን እኔ ላብራቶሪ ነኝ፤ በአንድ ቁጥር አልታለልም። በአንዳንድ አገሮች የሴፍትሪያክሶን መግለጫ ላይ፣ መድኃኒቱ በአንዳንድ የጣት መለኪያዎች ላይ ስኳሩን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። አየሽ፣ ያው መርፌ ሽንቱን ከፍ፣ ጣቱን ዝቅ ሊያደርግብን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ትተን ከደም ሥር የተቀዳ ደም ላብራቶሪ ውስጥ እናሠራ። መርፌው ካለቀ ከሦስት ቀን በኋላ መድኃኒቱ ከሰውነቷ በአብዛኛው ወጥቷል። ያን ጊዜ ቢያንስ 8 ሰዓት ጾማ ጠዋት ትቅዳ። ከ100 በታች ከሆነ እሰየው። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ለስኳር የተጋለጠች ናት፣ ክትትል ይጀመራል። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገማል፤ ሁለቴ ከወጣ ስኳር ነው። የሦስት ወሩን ምርመራ፣ ኤ ዋን ሲ የሚሉትን፣ ማሠራት ከቻላችሁ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የስኳር ነው። ኢንፌክሽን በራሱ ስኳርን ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርግ ይሄኛው ለእሷ ይጠቅማታል።

ይህን ሁሉ ስል መርፌው ይቋረጥ እያልኩ አይደለም! ኩላሊት ድረስ የወጣ ኢንፌክሽን በግማሽ አይተውም። የታዘዘላትን ትጨርስ። እስከዚያ ውሃ ጥም ካበዛች፣ ሌሊት ለሽንት ከተመላለሰች፣ ካስመለሳት ወይም ከደነዘዘች ግን ሦስት ቀን አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዷት። ለእማዬም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አታልቅሺ በያት።

ጥያቄ፦ «አባቴ 66 ዓመቱ ነው፣ ስኳር ካለበት 12 ዓመት። ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን ይወስዳል። ሽንት አቃጠለኝ ብሎ ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝቶ መውሰድ ጀመረ። በሦስተኛው ሌሊት በላብ ተጠመቀ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የማይገናኝ ነገር ያወራል። ቤት ያለንን የሽንት ስትሪፕ አድርገን ስናየው ስኳር የለውም። "ስኳሩማ ተስተካክሏል፣ ትኩሳቱ ነው" ብለን ሻይ ሰጠነው፤ ትንሽ ቆይቶ ተሻለው። ሲፕሮ የሽንቱን ምርመራ ያበላሻል እንዴ? — ከሐዋሳ»

መልስ፦ ሻዩ ውስጥ ስኳር ነበረበት? ነበረበት መሰለኝ። እንግዲያውስ ያተረፈው እሱ ነው።

ሲፕሮ ስትሪፑን አላበላሸውም። ስትሪፑ እውነቱን ነው የነገራችሁ፤ እናንተ ግን የጠየቃችሁት የማያውቀውን ነው። የሽንት ስትሪፕ የወረደ ስኳርን አያይም። ደሙ 150 ቢሆንም «የለም» ይላል፣ 90 ቢሆንም፣ 40 ቢሆንም። ከዚህም ሌላ ፊኛ ውስጥ ያለው ሽንት ከሰዓታት በፊት የተጠራቀመ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የማይገናኝ ወሬ፣ ሌሊት ላይ፣ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው፦ ይሄ ስኳር ወርዶበት ነው፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ።

ሲፕሮ ሌላ ነገር ነው ያበላሸው፤ ራሱን ስኳሩን። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲንና ዘመዶቻቸው ቆሽትን ይነካካሉ፤ የደም ስኳርን ሊያወርዱ፣ አንዳንዴም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። እንደ ግሊቤንክላማይድ ካለ ጨማቂ ጋር ሲገጥሙ መውረዱ ይብሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ማስጠንቀቂያውን አጥብቋል፤ ራሳቸውን ስተው ኮማ የገቡ ሰዎች ስለነበሩ። ጋቲፍሎክሳሲን የሚባለው ወንድማቸው እንክብሉ እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ከገበያ ወጥቷል፤ ስሙ የጠፋው በዚሁ ስኳር በማተራመሱ ነው። ብዙ ቤት የማይጠፋው ኮትሪሞክሳዞልም፣ ባክትሪም የምትሉት፣ ከግሊቤንክላማይድ ጋር ስኳር ያወርዳል። ሽንት ሲያቃጥል ሰው ሮጦ የሚገዛው ደግሞ ሁለቱን ነው!

አንቲባዮቲክ ምርመራውን ቢያሳስት በሌላ ምርመራ ይታረማል። ስኳሩን ራሱን ሲያወርደው ግን ሰው ይሞታል። ለእኔ ከሰማያዊው ፈሳሽ ይልቅ ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

አሁን እንዲህ አድርጉ። ዛሬ ወደሚከታተለው ሐኪም ውሰዱትና ሌሊት የሆነውን ሁሉ ንገሩት፤ ምናልባት አንቲባዮቲኩን ይለውጠዋል፣ ምናልባት የግሊቤንክላማይዱን መጠን ይቀንሳል። ያንን የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም፣ እኔም አይደለሁም። የጣት መለኪያ ግዙ ወይም ተዋሱ። ምልክቱ ከተመለሰ ለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለት 3 ሙሉ የሻይ ማንኪያ፣ ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ አጠጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሙና ለኩ። ካልተነሳ እንደገና ስጡት። ሲሻለው የሚበላ ነገር አስከትሉ። መለኪያ ከሌለ አትጠብቁ፣ ስኳሩን ስጡት። መዋጥ ካልቻለ ግን አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ያንቀዋል። በቀጥታ ሆስፒታል። የግሊቤንክላማይድ ጉልበት ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ አንዴ ተሻለው ብላችሁም አትተኙ፤ በየሰዓቱ እያያችሁ እደሩ።

ፋርማሲ ቤት ቆማችሁ «ሲፕሮ ስጠኝ» ከማለታችሁ በፊት «ስኳር አለብኝ፣ ይሄንና ይሄን እውጣለሁ» በሉ። የሚጠይቃችሁ ካልተገኘ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ «የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሽንቴ እንደ ሚሪንዳ ሆኗል። ለስኳር ሲመረምሩኝ ስትሪፑን እያገላበጡ "እንጃ" አሉኝ። ምን ማለት ነው? — ከጎንደር»

መልስ፦ ሚሪንዳው የሪፋምፒሲን ነው፤ አይጎዳህም፣ ላብህንና እንባህንም ሊያቀላ ይችላል። የስትሪፕ ንባብ በዓይን ቀለም ማመሳከር ነው። ሽንቱ ራሱ ቀለም ይዞ ከመጣ ባለሙያው የስትሪፑን ቀለም ከሽንቱ መለየት ይቸግረዋል። «እንጃ» ማለቱን ወድጄለታለሁ፤ ብዙ ሰው ገምቶ ይጽፋል። አንተ በደም ተመርመር። ቲቢና ስኳር አብረው መገኘት ስለሚወዱ የቲቢ ታካሚ ስኳሩን በደም መታየቱ ተገቢ ነው። ስኳር ተገኝቶብህ እንክብል ብትጀምር ደግሞ ሪፋምፒሲን ጉልበቱን ሊቀንስበት እንደሚችል ለሐኪምህ አስታውሰው። የቲቢ መድኃኒትህን አንድ ቀን እንኳ እንዳትዘል።

ጥያቄ፦ «እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥታለች። ስኳሯ በደንብ የተያዘ ነው፣ ጠዋት 118 ነው የሚሆነው። ዳፓግሊፍሎዚን ትወስዳለች። ጥርሷን አሟት አሞክሳሲሊን ጀመረች፤ በዚያው ሰሞን ሽንቷን ሲያዩት ስኳሩ የስትሪፑ የመጨረሻ ቀለም ላይ ደረሰ። አሞክሳሲሊኑ ነው?»

መልስ፦ አይደለም፣ ዳፓግሊፍሎዚኑ ነው። ሥራው እኮ እሱ ነው፤ ኩላሊት ስኳሩን መልሶ እንዳይወስድ ከልክሎ በሽንት ያስወጣዋል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሽንቱ ላይ ስኳር ካልተገኘ ነው የሚገርመኝ። ኢምፓግሊፍሎዚንም ያው ነው። ለእሷ የሽንት ስኳር ምርመራ ምንም አይነግራችሁም፤ የጣቱን ተከታተሉ። ጥርሷ ታሞ ምግብ ካቆመች ወይም ካስመለሳት ግን የደም ስኳሯ ደህና መስሎ እያለ ደሟ አሲድ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ዳፓግሊፍሎዚኑ ለጊዜው ይቁም አይቁም ሳትውጠው በፊት ለሐኪሟ ደውላችሁ ጠይቁ። እዚያ አገር የጤና ታሪኳን የማያውቅ ሰው ነው የሚያያት፤ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ቦርሳዋ ውስጥ ክተቱላት።